ፒኜቶ ላይ ጋያ ያጨስኩ ለት

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሮማ፣ ፒኜቶ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የሰው ቤት ወለል ላይ ቁጭ ብዬ የአባባን ስልክ እጠብቃለሁ...

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔም ያኔ ፀጉር ነበረኝ። የነጻ ትምህርት ዕድሌ አልቋል፣ ኤምባሲው «ተመለስ» ይለኛል፣ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለቴ ነው፣ ሊያልቅ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል። ከእኔ በፊት የተመለሰው ጓደኛዬ ደግሞ ከአውሮፕላን ወረደ ከተባለ ወዲህ ወሬው የለም።

ልመለስ ወይስ ልቅር? ይህን የሚቆርጥልኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር... አባባ።

አዲስ አበባ ያለችው እህቴ «ቅዳሜ አባባን ከአሰላ አምጥቼ ቴሌ እወስዳቸዋለሁ። የምናወራው ሦስት ደቂቃ ነው። ማን እንደሚሰማን አይታወቅምና አፍህን ጠብቅ» ብላ ጽፋልኛለች። ሳምንቱን ሙሉ ጥያቄዬን ሳጣምም ከረምኩ፤ ለሰሚው ሳይገባው ለአባባ እንዲገባቸው።

በሕንጻው ውስጥ ስልክ ያላቸው ሁለት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ፣ ሳንድሮና ፓኦላ። ደግ ልጆች ናቸው። ፓኦላ ስልኩን ደጋግሜ እያነሳሁ መሥራቱን ሳጣራ አየችና «አሎራ፣ እሺ እንግዲህ፣ ይሄን ልጅ እናረጋጋው» ብላ ከአልጋው ሥር አንድ ነገር ጎትታ አወጣች።

ሳየው ሳቄ መጣ። ገለባ የተጠቀለለበት የወይን ጠርሙስ ነው። ሆዱ ውስጥ ውሃ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ሸክላ፣ ጎኑ ላይ ቱቦ።

«ሐሺሽ ነው። ለጀማሪ ትንሽ ይበቃል፣ ቀስ ብለህ...» ብላ ልታስተምረኝ ጀመረች።

«እኔን ነው የምታስተምሪው?» አልኳት። «ይሄማ ጋያ ነው። እኛ ቤት ከእኔ በፊት የገባ ነው።»

እውነቴን ነው። አባባ በጋያ ትምባሆ ያጨሳሉ። ቅሉን የማጥበው፣ ውሃውን የምሞላው፣ ፍሙን የማቀርበው እኔ ነበርኩ። የነፍስ አባታችን ሲመጡ ጎተራ ጀርባ የምደብቀውም እኔው ነኝ። አንድ ቀን በስርቆሽ አፌን ሳስጠጋ ያዙኝና ጆሮዬ ሳምንት ሙሉ ሲነድ ሰነበተ። ልጅ በአባቱ ፊት አያጨስም... አለቀ።

ስለዚህ የፓኦላን ሸክላ ነቅዬ ጠረግኩላት። የቆየውን ውሃ ደፍቼ ቀየርኩላት። «በውሃ ያለፈ ጢስ ሰው አይጎዳም» የምትለዋን የአባባን ትምህርት ወደ ጣሊያንኛ መልሼ አስተማርኳቸው። ከዚያ ልክ እንደ እሳቸው ዓይኔን ጨፍኜ ደረቴ እስኪሞላ ሳብኩ... ደገምኩም።

«ግርማ» አለኝ ሳንድሮ፣ «ያ የሦስት ሰው ነበር።»

ጀማሪ የሆንክ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ያዝ... «አውቀዋለሁ» አትበል።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ግን ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ሲል... ድምፁ የቤታችን ነበር። አባባ ከእርሻ ገብተው እግራቸውን ዘርግተው ሲስቡ የምሰማው ያው ድምፅ። ሳላውቀው አሰላ ገባሁ። የገብሱ ማሳ፣ ዝናብ የመታው አጥር፣ ሁሉም ከነሽታው መጣ። በመስኮቱ ሥር ትራም ሲያልፍ «ይሄ የማን ጋሪ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ አሉ።

ስልኩ ጮኸ።

«ከአዲስ አበባ ነው፣ ያነጋግሩ» አለች ኦፕሬተሯ።

«ግርማ?»

አባባ ናቸው። ሳምንት ሙሉ ያጣመምኩት ጥያቄ... የለም። ብፈልግ ብፈልግ የለም። አፌን ስከፍት የወጣው፣

«አባባ፣ ጋያ እያጨስኩ ነው» የሚል ሆነ።

እህቴ ከኋላቸው «ምን አለ? ምን አለዎት?» ስትል ይሰማኛል።

«ጣሊያን አገር ጋያ አለ እንዴ?» አሉ አባባ።

«አለ። ቅሉ ጠርሙስ ነው እንጂ።»

«ማን ይሞላልሃል?»

«ራሴው ነኝ፣ አባባ።»

ሳቁ። ያ ሳል የተቀላቀለበት ሳቃቸው... አራት ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም።

«እኔ እንግዲህ አንተ ከሄድክ የሚሞላልኝ አጣሁ» አሉ። «እናትህ ውሃውን ታበዛዋለች፣ አፌ ድረስ ይመጣል። ብነግራት አትሰማ።»

«መጥቼ እኔ እሞላልዎታለሁ» አልኩ፣ እንባዬ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ። ቀልዴን አልነበረም። ያን ሰዓት አንድ ሰው ቲኬት ቢያቀብለኝ ጫማዬን ሳላጠልቅ እሳፈር ነበር።

መስመሩ እየተንሿሿ ቆየ። የተቋረጠ መስሎኝ «አባባ?» ልል ስል፣

«የለም» አሉ ቀስ ብለው። «እዚያው አጭስ፣ ልጄ። ገባህ? እዚያው ሆነህ አጭስ። የእኔን ራሴ እሞላዋለሁ።»

ሦስት ደቂቃው አለቀ።

«ምን አሉህ?» አለችኝ ፓኦላ። ልተረጉምላት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ጆሮዬን ባነደዱበት ነገር ፈቃድ ሰጥተውኝ ቤታቸውን ግን ከለከሉኝ... ይሄ በጣሊያንኛ እንዴት ይባላል?

ቀረሁ። ድምፃቸውን ዳግመኛ አልሰማሁም። ማረፋቸውን የነገረኝ ደብዳቤ የደረሰኝ ከአርባቸው በኋላ ነው።

ሰው አገሩን ሲናፍቅ ምግቡን ይላል፣ አየሩን ይላል። እኔን የሚናፍቀኝ መላላክ ነው። ሰባ ዓመት አልፎኛል፣ ልጆች ወልጄ፣ የልጅ ልጅ አይቼ... «አንተ ግርማ፣ ተነስ» ብሎ ከተቀመጥኩበት የሚያስነሳኝ ሰው ግን የለም።

የልጅ ልጆቼ «አባባ፣ ለምን ሮማ ቀረህ?» ሲሉኝ «ፖለቲካ ነው» እላቸዋለሁ... አያት መሆን ይህችን ታህል ካላስዋሸ ምን ይሠራል።