እናትና ልጅ በአንድ ቡድን

ልብስ ሰፊዋ ከልጇ ጋር አንድ ክፍል የገባችው ወዳ አይደለም። ትምህርቷን ያቋረጠችው ይህችኑ ልጅ ስታረግዝ ነበር። ልጅቱ አድጋ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ፣ እናትየውም "አሁንስ እኔም ይውጣልኝ" ብላ በማታው ክፍል ዘጠነኛን ጀመረች። ዓመቱን እንደ ምንም ተወጣችው። ሁለቱም ወደ አሥረኛ ሲያልፉ ግን የማታው ክፍል ተማሪ አጥቶ ተዘጋ። ርዕሰ መምህሩ የቀሩትን ጥቂት ጎልማሶች ሰበሰቡና፣ "ዘንድሮ ከቀን ተማሪዎች ጋር ተቀላቅላችሁ ጨርሱ፤ የወደቀ ግን ለከርሞ ቦታ የለውም" አሉ። ለእሷ ቦታ የተገኘው ደግሞ፣ ጉድ በሉ፣ ልጇ ባለችበት ክፍል ነው!

ልጅቱ የመጀመሪያውን ሰሞን መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። እናቷ ደብተሯን በፌስታል ይዛ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ሰክታ ከፊት ስትቀመጥ፣ እሷ የመጨረሻው ረድፍ ላይ አንገቷን ትደፋለች። "እማዬ፣ አፈር ስሆንልሽ፣ እጅሽን አታውጪ" ትላታለች ቤት ሲገቡ። "ለምን አላወጣ? የማውቀውን ልዋጠው?" ትላለች እናት። እየዋለ ሲያድር ተላመዱ። የክፍሉ ልጆች "እትዬ" ይሏታል። ኪሱ የተቀደደ፣ ቁልፉ የረገፈ ሁሉ በእረፍት ሰዓት እሷ ዘንድ ይሰለፋል፤ መርፌዋ ከእስክሪብቶዋ አይለይማ።

መከራው የመጣው ከቡድን ሥራ ጋር ነው። የሳይንስ መምህሩ ወጣት ቢሆንም ቀልድ አያውቅም። "ሰፈራችሁ አንድ ነው" አለና እናትን፣ ልጅንና ከጎናቸው የሚኖረውን አንድ ጎረምሳ በአንድ ቡድን መደባቸው። ጎረምሳውን ልጆቹ "ሬዲዮ" ይሉታል፤ ሲያወራ ውሎ ሲያወራ ያድራል።

የዓመቱ ፕሮጀክት ስለ ውሃ ነበር፤ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው የሰፈሩን የውሃ ቧንቧዎች የሚያሳይ ካርታ መሥራት ነው። ሌላው ቡድን በወረቀት ሲስል፣ ልብስ ሰፊዋ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሰፋችው። ልጅቱ መንገዱን በክር ልትሰፋ ጀምራ ነበር፤ እናት ግን አይቶ ማለፍ መች ይሆንላታል? "ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ አምጪ ወዲህ" ብላ ወሰደችባት። ሁለተኛው ነዋሪውን ውሃ ከየት እንደሚቀዳ መጠየቅ ነበር። እሱንም ደንበኞቿ ልብስ ሊለኩ ሲመጡ፣ ወገባቸውን እየለካች እዚያው ጠይቃ ጨረሰችው። ልጅቱና ሬዲዮ ስማቸውን ጻፉ። ሁለቱም ጊዜ ሙሉ ማርክ አገኙ። "እሰይ!" አለች ልብስ ሰፊዋ። የጽሑፍ ፈተና ብዙም አይቀናትም፤ ቀመር ሲመጣ ጭንቅላቷ ይዞራል። የማለፍ ተስፋዋ በሙሉ ያለው ፕሮጀክቱ ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ብዙ ማርክ የሚያዝበት፣ የውሃ ማጣሪያ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ቂጡ ይቆረጥና ይገለበጣል፤ አፉ ላይ ጨርቅ ይወተፋል፤ በላዩ ከሰል፣ አሸዋ፣ ጠጠር ይደረደራል፤ ከዚያ የደፈረሰ ውሃ ከላይ ይፈስበታል። "አሁን እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ ነው የሚሠራው" አለ መምህሩ። ልብስ ሰፊዋ ማጣሪያውን ትሠራለች፣ ሬዲዮ ያብራራል፣ ልጅቱ ደግሞ ድርድሩን እያቀያየረች ትሞክራለች።

ልጅቱ ዛሬ ነገ እያለች መረብ ኳሷን ትጫወታለች። ልብስ ሰፊዋ ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ የማቅረቢያው ቀን ሲቃረብ ግን አላስችል አላት። አንድ ከሰዓት የሰው ልብስ አስቀምጣ ሙከራውን ራሷ ሠራችው፤ አሸዋውን እንደ ሩዝ አጥባ፣ ድርድሩን ገልብጣ፣ የወጣውን ውጤት ብቻ በሁለት መስመር ጽፋ ለልጇ ሰጠቻት። "ይችን ሸምድጃት።" "እሺ" አለች ልጅቱ።

ቀኑ ደረሰ። ሬዲዮ እንደ ልማዱ አንደቀደቀው። መምህሩ አስቆመውና ወደ ልጅቱ ዞረ። "ከሰሉን ከላይ፣ አሸዋውን ከታች ስታደርጊ ውሃው ምን ሆነ?"

ሬዲዮ አፉን ሲከፍት መምህሩ በዓይኑ ገሠጸው። ልብስ ሰፊዋ ምላሷን በላት፤ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ በመጨረሻ መዳፏን እያገላበጠች በምልክት ልትነግራት ሞከረች። ልጅቱ የእናቷን እጅ አየችና ፊቷ ቀላ። "አላውቅም" አለች። "ሙከራውን እኔ አልሠራሁትም። እናቴ ናት የሠራችው።"

መምህሩ ካሰበ በኋላ፣ "እንደገና ሥሩት፤ አንድ ሳምንት አላችሁ" አለ። "ግን የምሰጣችሁ ከግማሽ አይበልጥም።" ልብስ ሰፊዋ በልቧ ደመረች። ግማሹ ሳይሸራረፍ ከመጣ ታልፋለች፤ ትንሽ ከጎደለ ግን ደህና ሰንብት አሥረኛ ክፍል።

ቤት ደረሱ። በሩ እንደተዘጋ እናት ፈነዳች።

"አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሽ ነው በቁሜ ያዋረድሽኝ? ያ ሁሉ ሰው ፊት!"

"ጠየቀኝ፣ መለስኩ።"

"የጻፍኩልሽን ሁለት መስመር ማንበብ አቃተሽ?"

"አንብቤዋለሁ። ባይኔ ያላየሁትን እንዴት ልመልስ?"

"ማየትማ ትችይ ነበር፣ ኳስሽ ቢያስቀምጥሽ!"

ልጅቱ ቦርሳዋን ወረወረችው። "ብሠራውስ ምን ዋጋ አለው? የካርታው ጊዜ መንገዱን ሰፍቼ አልነበር? ከእጄ ወስደሽ ፈታሽው።"

"ተጣሞ ነበራ!"

"መንገዱም እኮ ጠማማ ነው፣ እማዬ! ልጅ ያቦካው ምናምን ትያለሽ፤ መቼ አስቦክተሽኝ ታውቂያለሽ?"

ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀመጠችና የጀመረችውን ጃኬት ሳትነካ ቆየች። ያ ስፌት ትዝ አላት። ጥቃቅን፣ ወዲያ ወዲህ የሚል፣ ብዙ የተለፋበት። በምላጭ ስትበጣጥሰው ቅር እንኳ አላላትም። ስለ ሦስቱም ሥራ ቁጭ ብላ አሰበች። ከካርታው ምን ተማረች? ጨርቅ መስፋት ድሮም ታውቃለች። ከጥያቄውስ? ከሰው ጋር ማውራትም አዲሷ አይደለም። የማታውቀውን ነገር አንድም ቀን አልሞከረችም። ሁሌ "ለልጄ ብዬ ነው" ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ለማርኩ ነው። አፈረች፤ ከልቧ አፈረች።

በማግስቱ ልጅቱ ግቢ ውስጥ ጠርሙሶቿን ደረደረች። አሸዋ ሰፈር ውስጥ ቤት ከሚሠሩት ዘንድ ለምና አመጣች፤ እንዳለ፣ ከነአፈሩ፣ ሳታጥብ ሞላችው። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት አየች። ሬዲዮ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የወጣውን ውሃ በብርጭቆ ወደ ፀሐይ አነሳና፣ "ይሄ ውሃ ነው ወይስ ሻይ በወተት?" አለ። ልጅቱ ደፋችው። ድርድሩን ቀየረች። ያው ነው። ጨርቁን ለወጠች። ያው ነው።

"እጠቢው" የምትል አንዲት ቃል ነበረች የቀረችው። ልብስ ሰፊዋ ቃሏን ምላሷ ጫፍ ላይ ይዛ፣ "ዝም አይነቅዝም፤ ሆድ ይፍጀው" እያለች ፔዳሉን ትረግጣለች። የአንዱን ደንበኛ ሱሪ እግሩን ዘግታ ሰፋችው። ሳምንቱን ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት እንዲሁ ሆነ። ልጅቱ ትሞላለች፣ ታፈሳለች፣ ታጉረመርማለች፤ አንዴማ እንባዋ ሊመጣ ሲል በክንዷ ጠረገችው። እናቷን ግን አልጠየቀችም። እናትም ዓመቷ በዚያ ጠርሙስ ውስጥ ሲደፈርስ እያየች አልተነሳችም።

የማቅረቢያው ቀን ልጅቱ ሁለት ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ይሄ የገባው ነው፤ ይሄ የወጣው" አለች። የወጣው ይብሳል። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ልጅቱ ሳቁ እስኪያበቃ ጠበቀች። "እኔም ድርድሩ መስሎኝ ስገለባብጠው ነበር የሰነበትኩት። ዛሬ ጠዋት አሸዋውን ብቻውን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፤ ውሃው ደፈረሰ። ጭቃው ያለው አሸዋው ውስጥ ነው። መታጠብ ነበረበት።"

መምህሩ ብርጭቆዎቹን አንሥቶ አያቸው። ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረ። "እትዬ፣ የመጀመሪያውን የሠሩት እርስዎ ነዎት። አሸዋው መታጠብ እንዳለበት ያውቁ ነበር?"

"አላውቅም" ብትል ማን ይጠይቃታል? "አውቅ ነበር" አለች።

ልጅቱ ዞረች። "ታውቂ ነበር?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"ማርክዎ ሊሄድ ሲችል፣ ለምን ዝም አሉ?" አለ መምህሩ።

ልብስ ሰፊዋ መነጽሯን አወለቀች። "መምህር፣ ይህችን ልጅ አጉርሼ፣ አልብሼ አሳድጌያታለሁ። ስትለፋ ግን አይቻት አላውቅም ነበር። እያየኋት ነበር።"

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ግማሹን ሳይሸራርፍ ጻፈላቸው።

ሲወጡ ልጅቱ መጀመሪያ ቀድማ ሄደች፤ ተቆጥታለች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ቆማ ጠበቀቻት።

"እና ምን አየሽ?" አለች።

"እኔን የማትፈልግ ልጅ።"

"እፈልግሻለሁ" አለች ልጅቱ፤ ፌስታሉን ከእናቷ እጅ ወሰደችላት። "ስጠራሽ ነዋ።"

"እሺ" አለች ልብስ ሰፊዋ፤ ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት።