እማማ የሻረግ ተረቱን ያስረዘሙበት ምሽት

ልጅ ሳለሁ፣ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው መንደራችን፣ ከብቶች ገብተው እራት እስኪደርስ የሰፈሩ ልጆች የምንሰበሰበው ጎረቤታችን እማማ የሻረግ ቤት ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ንቅሳት የከበበው ሴት ነበሩ፤ ያኔ ከሳቸው የበለጠ ቆንጆ ሰው በዓለም ያለ አይመስለኝም ነበር። ቀሚሳቸው የተጣፈ ቢሆንም አንድ ቀን ቆሽሾ አላየሁትም። ተረት ሊጀምሩ ሲሉ እጃቸውን ይታጠቡና ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። «ተረትም እንደ እንግዳ ነው፤ ተዝረክርከው አይቀበሉትም» ይሉን ነበር።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ አያ ደሳለኝ እንለዋለን። ከቡሬ በቆሎ ጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት በሚሄድ ኢሱዙ ላይ ረዳት ነበር።

የዚያን ምሽት የሚነግሩን፣ ጅብ አህያ በልቶ ሲያበቃ «ሁዳዴ እየጾምኩ ነው» ብሎ አንበሳ ዳኛ ፊት የቀረበበትን ተረት ነበር። ፍሙ ፊታቸውን ከታች ያበራዋል፤ ጭሱ ቢያስለቅሰንም የሚነሳ የለም። ጅቡ መማል ሲጀምር፣ የአጥቢያው ቄስ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሩ ላይ ቆሙ። መርዶ በንጋት ነው የሚነገረው፤ እነሱ ግን ወሬው ቀድሟቸው እማማ የሻረግ ጆሮ እንዳይደርስ ፈርተው ነው ለካ በማታ የመጡት።

«እንደምን አመሹ» አሉ ቄሱ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ጥለው።

እማማ የሻረግ ሦስቱንም በየተራ አዩዋቸው።

«ይግቡ አባ፣ ይቀመጡ። ልጆቹ ተረቱን ይጨርሱ።»

ከዚያ ወደኛ ዞሩ። ጦጣ ተነሥታ፣ «ጌታዬ፣ ጾመኛ ከሆነ እስቲ ያዛጋ» አለች። ተረቱ ሁልጊዜ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነበር፤ ያን ቀን ግን አላለቀም። ጅብ ይግባኝ አለ፤ ቀበሮ ምስክር ሆና መጣች፤ ጃርት ዋስ ሆነ፤ ሰምተነው የማናውቀው ሁሉ እየተጨመረ ሄደ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። እኛ በሳቅ ስንፈርስ ሽማግሌዎቹ መደቡ ላይ አጎንብሰዋል። በመጨረሻ ጅቡ አዛጋ፤ የአህያው ጅራት ከጥርሱ መሐል ወጣ።

«በሉ ልጆቼ፣ እናቶቻችሁ ይጠብቋችኋል» ብለው ግንባራችንን እየሳሙ አስወጡን። አጥሩን ሳናልፍ ጩኸታቸውን ሰማን። አያ ደሳለኝ ያለበት መኪና ዓባይ ቁልቁለት ላይ ገደል ገብቶ ነበር።

መንደሩ ይህን እንደ ጨዋነት ሲያወራው ኖረ፤ እኔም ሳድግ እንደሳቸው ለመሆን ተመኘሁ። ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ፣ አርጅተው አልጋ ይዘው ሳሉ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ያን ምሽት እንዴት እንደቻሉት ጠየቅኋቸው።

«ምኑን ቻልኩት ልጄ» አሉኝ። «ተረቱ እስኪያልቅ ልጄ አልሞተም ነበራ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያው ክረምት አረፉ።

አሁን ባሌ ወደ ቡሬ ከሄደ ሰንብቷል። መንገዱ ተዘግቷል፤ ስልክ አይሠራም። ልጄ ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ ደህና ነው እላታለሁ፤ ማን ቤት እንዳረፈ፣ ምን እንደሚበላ ሳይቀር እየፈጠርኩ እነግራታለሁ። ጠዋት ፀጉሬን አበጥሬ ክፍል እገባለሁ፤ ሰዉም «ጠንካራ ነሽ» ይለኛል። ከውስጤ ምን እንደቀረ እኔ ነኝ የማውቀው።

ትናንት፣ በእግሩ ከቡሬ የገባ ሰው ገበያው ዳር እየፈለገኝ እንደሆነ ነገሩኝ። ሄጄ ከሩቅ አየሁት። እሱም አየኝ መሰል፣ እጁን አነሣ።

በሌላ መንገድ ዞሬ ቤቴ ገባሁ።