አውቶቡስ ፊት የተቀመጡት ጎረቤታችን

እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ ከተማ ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያ ስወርድ፣ ከማዶው ሱቅ የሚቆላ የሱፍ ፍሬ ሽታ ይቀበለኛል። ጨው የነካው፣ ሞቅ ያለ ሽታ ነው። ትናንትም ሸተተኝና እግሬ ቆመ። ሌላውን ሰው ምናልባት ወደ ገበያ ይወስደው ይሆናል፤ እኔን የሚወስደኝ ኮሌጅ ሳለሁ ወደማዘወትረው ወደ አንዲት የኮሌጃችን ጎረቤት ሳሎን ነው።

ያን ክረምት ኮሌጃችን የአስተማሪዎቹን፣ የሠራተኞቹንና በአጥሩ ዙሪያ የሚኖሩትን ሰዎች የሕይወት ትዝታ በድምፅ መቅዳት ጀምሮ ነበር። እኔም አማርኛ ታውቃለች ተብዬ፣ ከአጥሩ ማዶ ምድር ቤት ለሚኖሩ አንዲት የጎንደር እናት ተመደብኩ። አማርኛዬ እንኳ ከቤት የለቀምኩት፣ ግማሹ ዕብራይስጥ ነበር። የፕሮጀክቱ ኃላፊ ወደ እስራኤል የመጡበትን የሱዳኑን መንገድ ጠይቂያቸው አለችኝ፤ በረሃውን፣ ጥማቱን፣ ሞቱን። ሰው መስማት የሚፈልገው ያንን ነው አለች።

ሴትዮዋ ረጅም፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ነበሩ። በመስኮቱ የሚገባው የደመና ብርሃን ጉልበታቸው ላይ ያርፋል። የሱፍ ፍሬ በሰሃን አቅርበውልኝ፣ እሳቸውም እየፈለቀቁ ያወሩ ስለነበር ቀረጻው ሁሉ ቀጭ ቀጭ ይላል። ስለ ሱዳን ስጠይቃቸው አንዲት ነገር ብቻ አሉ፤ ባሌን እዚያ ቀበርኩት። ከዚያ በእጃቸው ነገሩን ገፋ አደረጉት።

"የአፉላውን ልንገርሽ" አሉኝ። "እሱን የጠየቀኝ የለም።"

አገሩ በገቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድያ ልጃቸውን ሩቅ ወዳለ ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት መሆኑ ነው፣ ለመላክ ተወሰነ። የወሰኑት የመንግሥት ሰዎች እናትየዋን አልጠየቁም፤ ለልጅቷ ይሻላታል አሉ፣ አለቀ። ጠዋት ልጅቷን የጫነው አውቶቡስ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ እናት ነጠላቸውን ጠቅለል አድርገው ከጎማው ፊት፣ እርጥቡ አስፋልት ላይ ቁጭ አሉ። ሾፌሩ ክላክሱን አስጮኸው። መንገደኛ ወታደሮች ተሰበሰቡ። አንዱ በትዕግሥት፣ አንዱ በቁጣ ያስረዳቸዋል፤ የሚሉት አይገባቸውም። ከዕብራይስጥ የሚያውቁት "ሎ" የምትለዋን ብቻ ነበር፤ አይሆንም ማለት ናት። እሷኑ ደጋገሙ። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ሞሮኳዊት ዘንቢሏን አስቀመጠችና አጠገባቸው ተቀመጠች። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም፤ ዝናቡ ግን ሁለቱንም እኩል መታቸው። በመጨረሻ በሩ ተከፈተና ልጅቷ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። እዚሁ አፉላ ተምራ፣ እዚሁ ነርስ ሆነች።

ኃላፊዋ ትርጉሙን ስሰጣት ፊቷ ጠቆረ። ቅጂዎቹ ለሰው የሚሰሙበት ዝግጅት የክብር ነው፣ የከተማው እንግዶች ይመጣሉ፣ የአቤቱታ ቀን አይደለም አለች። የትምህርት ድጎማዬ ከዚያ ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑንም አስታወሰችኝ። ለጎረቤቴ እየፈራሁ ነገርኳቸው።

"ሞቴን የሚፈልጉ ከሆነ ይጠብቁኝ፣ ሩቅ አይደለም" አሉ። "ሕይወቴን ከፈለጉ ግን ይኸው ነው።"

በዝግጅቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ፣ የረጠበ ካፖርት ይሸት ነበር። ከድምፅ ማጉያው የወጣችው ያቺ የባላቸው ነገር ብቻ ሆነች፤ ከሥሯ ቫዮሊን ተጨምሮላታል። ሰው ዓይኑን እየጠራረገ ማጨብጨብ ሲጀምር፣ እሳቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"አልጨረስኩም" አሉ በአማርኛ፤ ወደ እኔም ዞረው "ተነሺና ተርጉሚ፣ ልጄ።"

ኃላፊዋ ቁጭ በይ ብላ በእጇ ጠቀሰችኝ። ተነሣሁ። እሳቸው የአውቶቡሱን ነገር ይናገራሉ፣ እኔ አስከትላለሁ። ማይክሮፎኑን ዘጉብን፤ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። አንድ እንግዳ ጥሎ ወጣ፤ የቀሩት ግን እስከ መጨረሻው ሰሙን። ልጃቸው ከኋላው ረድፍ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር።

ድጎማዬ ተቋረጠ። ያን ዓመት ከትምህርት መልስ ቢሮ እየጠረግሁ ተማርኩ። ዛሬም ይቆጭሻል ወይ የሚሉኝ አሉ። ለምን ይቆጨኛል? የዚያን ዕለት የወጣው ድምፄ እስካሁን የራሴ ነው።

ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት አረፉ። ለቅሶ ስሄድ ልጃቸው ፍራሹ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ለማንም ነግራ የማታውቀውን ነገረችኝ፤ ያን ጠዋት አውቶቡሱ ላይ አብረዋት የተጫኑት ልጆች በእናቷ ሲስቁ፣ እሷ በእፍረት ፊቷን ከመስኮቱ አዙራ ነበር። ከወረደች በኋላም ቤት እስኪደርሱ እናቷን ቀድማ፣ ዞር ብላ ሳታያት ሄደች።

"ስትነግርሽ በእኔ አዝና ነበር?" አለችኝ።

"የለም" አልኳት። "'ሻንጣዋን እንኳ አላስይዝ ብላኝ፣ ራሷ ተሸክማ ከፊት ከፊቴ ሄደች፤ እልኸኛ፣ እኔን ነው የወጣችው' እያሉ ይስቁ ነበር።"

ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ ከአጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ።