አሻጥር የተባለው ዱቄት

ባለቤቴ ሙጬ የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ቀለም አልዘልቀው ቢል ቀለም ቀቢ ሆነ። ይህን ቀልድ የቡሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እሱም ከሰው ቀድሞ ይስቃል። እኔ ያይኔአበባ ግን የባሌን ሥራ የሚንቅ ሰው አልወድም።

ሙያውን የቀሰመው መንገድ ሠሪዎች ዘንድ የድልድይ ብረት ሲቀባ ነው። የቆርቆሮ ቀለም ሲበጠብጥ፣ ከወንዝ ዳር የሚያመጣውን ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ይወቅጣል፤ እኔ እንደ ሽሮ በወንፊት ነፍቼ እሰጠዋለሁ፤ ይጨምርበታል። ቀለም ብቻውን ሲደርቅ እንደ እንጀራ ዓይን ያወጣል፣ ውሃ በዚያ ገብቶ ብረቱን ዝገት ይበላዋል፣ ዱቄቱ ግን ዓይኑን ይደፍነዋል ይላል።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ክረምት ሳይገባ የገበሬ ማኅበሩን የእህል መጋዘን ጣሪያ እንዲቀባ ታዘዘ። ግማሹን እንደጨረሰ አንድ ወሬኛ ዱቄቱን ስነፋ አይቶኝ ኖሮ ሊቀመንበሩ ጓድ ላቀው ዘንድ ሮጠ። ቅቤ ላይ ሙዝ የሚደባልቅ ነጋዴ ያየ ሰው ሌላ ምን ያስብ? ጓድ ላቀው ሙጬን ሕዝብ ፊት አቁመው፣ የማኅበሩን ቀለም በድንጋይ አብዝቶ የተረፈውን ሊሸጥ ነው፣ ይህ አሻጥር ነው አሉ። ያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤቱ ማደሩን እንጃ።

ሙጬ ረጋ ብሎ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ጭቃ ያለ ጭድ ግድግዳ ይሆንልዎታል?» አላቸው።

ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ቀሪው ግማሽ በንጹሕ ቀለም ይቀባ፣ ዱቄት የገባበት ጎን ከክረምት በኋላ ዝጎ ከተገኘ ሙጬ ይታሰራል ብለው ቆረጡ።

ወይ ያ ክረምት! ዝናቡ ጣሪያው ላይ ሳይሆን እኔ ላይ የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ሙጬ ለጥ ብሎ ይተኛል፤ እኔ ግሽ ዓባይ ድረስ በእግሬ ልሄድ ተሳልሁ።

መስከረም ሲጠባ ጓድ ላቀው ራሳቸው መሰላል ወጡ። ንጹሕ ቀለም የተቀባው ጎን ተላልጦ ዝገቱ እንደ አዋዜ ይወርዳል። የሙጬ ጎን እንደተቀባ አለ። በጥፍራቸው ፋቁት፣ በቢላ ሞከሩት፣ እምቢ አላቸው። ወርደው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በማግስቱ ቤታችን መጡ። የራሳቸውም ቤት ቆርቆሮ ዝጎ ኖሯል።

«ሙጬ፣ ያን አሻጥርህን ለእኔም ቤት» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የሙጬ ደግነት መቼም አያልቅም፤ እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ቀደምሁት።

«ዱቄት አልቋል ጓድ። ድንጋዩ እነሆ፣ ሙቀጫውም ያውልዎ» አልኋቸው።

ጎረቤት ሁሉ በአጥር እያየ፣ ጓድ ላቀው ኮታቸውን አውልቀው ሲወቅጡ ዋሉ። እኔም እየሳቅሁ ነፋሁላቸው።