መስኮት የቀየርኩበት ፈተና

አጣዬ የነበረው ቤታችን ከተቃጠለ ወዲህ እናቴ ብቻዋን ማደር አትችልም። ሸዋ ሮቢት ቤት ተከራይተን ከገባን በኋላም ኮሽ ባለ ቁጥር ትነሳለች። ስለዚህ ያመለከትኩበት፣ ከቤት ሆኜ የምሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራ እንዲያመልጠኝ አልፈለግሁም። እሱ ካመለጠኝ፣ ሌላ የተቀበለኝ አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም ያለው አዲስ አበባ ነው።

በመጨረሻው ፈተና እኔ ኮድ ስጽፍ ፈታኙ ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት ስክሪኔን ያያል። ስክሪኔ ላይ አራት መስኮት ከፍቻለሁ፤ በአንዱ እጽፋለሁ፣ በሌላው ስህተቱን አያለሁ፣ በሦስተኛው ጥያቄውን አነባለሁ። አራተኛው ባዶ ነው። ሰው ሲያየኝ ስለማፍር፣ አጠገቤ ሰው ከመጣ ወደዚህ ባዶ መስኮት መዝለል ልማዴ ነው። ማውስ አልነካም፤ ሁሉንም በሁለት ቁልፍ እቀያይራለሁ። ሰው ፊት አፌ ቢተሳሰርም ጣቶቼ አይደናቀፉም።

"ፈጣን ነሽ" አለኝ ፈታኙ። ደስ አለኝ።

በዚያ ሙቀት በር ዘግቶ መቀመጥ ስለማይቻል በሩ ክፍት ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሳያንኳኩ ገቡ።

"ያ ረቢ! ዛሬም ከዚህ ሳጥን ጋር ተፋጠሻል? ዓይንሽን ሊጨርሰው ነው እኮ!"

ትልቅ ሰው ቆሞ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ በእኛ ቤት ነውር ነው። ጣቶቼ ወደ ባዶው መስኮት ዘለሉ፣ እኔም ብድግ አልኩ።

"ኖር፣ እትዬ።"

"በአላህ! ተቀመጪ ልጄ። እናትሽስ?"

"ጓሮ ናት።"

ወደ ወንበሬ ስመለስ የፈታኙ ድምፅ ተለውጧል።

"አጠገብሽ ማን አለ? መልስ የሚነግርሽ ሰው ነው? ለምንድነው መስኮቱን የቀየርሽው?"

"ጎረቤት ናቸው... ትልቅ ሰው ስለሆኑ..."

"ትልቅ ሰው ቢሆኑስ፣ ምን ያስደብቃል?"

እንዲህ ነው ብዬ ከማስረዳት ይልቅ ወደ ኮዱ መስኮት ተመለስኩ። ጥያቄውን ጨረስኩ፣ ኮዱም ሠራ። እሱ ግን ወዲያው ፈተናውን ዘጋው።

እንዳልተቀበሉኝ በሁለት መስመር ጻፉልኝ። ለእናቴ ስነግራት "እኔ ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው? አዲስ አበባ ሂጂ እንጂ" አለች፤ ፊቷን ግን ወደ እኔ አላዞረችም።

እትዬ ምን እንደተፈጠረ አያውቁም፤ አልነገርኳቸውምም። "እኔ አብሬያት አድራለሁ፣ ኢንሻአላህ። ደግሞ እንደ አንቺ ሳጥን ላይ አላፈጥም፤ እናወራለን" ብለው ሳቁ፣ ፍራሻቸውንም ከመሄዴ በፊት አመጡ። እናቴ አመሰገነቻቸው። ከዚያ ገና በጠራራ ፀሐይ ወደ በሩ ሄዳ መቀርቀሪያውን ትፈትሽ ጀመር፤ ትዘጋዋለች፣ ትገፋዋለች፣ ከፍታ እንደገና ትዘጋዋለች።