የዋሻው ደጃፍ ነጋዴ

ይህ ጉዳይ የአንድ ክረምት የጫማ ትርፍ፣ ሦስት የሥራ ቀንና አንድ የሃያ ዓመት ክርክር ወስዶብኛል። ትርፉስ ይተካል።

ነቀምት መናኸሪያ ጀርባ ጌም ቤት ነበር። ሌላው ሁሉ የኳስ ጌም ሲጫወት እኔና አንድ ከጉቴ የመጣ ልጅ የጃፓን ጌም ላይ ተተከልን፤ መንደሩ የተቃጠለበት ልጅ ሰይፍ ይዞ አገር ለአገር የሚዞርበት፣ ወር ተጫውተውት የማያልቅ። ጽሑፉ በጃፓንኛ ነው፤ የሚያነበው የለም። ስለዚህ ጽሑፍ በመጣ ቁጥር ጓደኛዬ የልጁን ንግግር በኦሮምኛ፣ እኔ የሌላውን በአማርኛ ከራሳችን እናወጣለን። ወረፋ ጠባቂው ኳሱን ትቶ እኛን ይሰማል። ባለቤቱ፣ የእናንተ ጨዋታ ዳኛ የለውም ወይ፣ መቼ ነው ፊሽካ የሚነፋው እያለ ያማርር ነበር።

እዚያ ውስጥ አንድ ነጭ ጢም ሽማግሌ አለ። ክፉ ዋሻ ደጃፍ በደረስክ ቁጥር ዕቃውን ዘርግቶ ታገኘዋለህ፤ መድኃኒት፣ ጋሻ፣ ሰይፍ ይሸጣል። እኔ የልጁ አባት ነው አልኩ። አንድ ገዢ ብቻ በሚያልፍበት ቦታ ሱቅ የሚከፍት ከአባት በቀር ማን አለ? ጓደኛዬ ሰላይ ነው አለ፤ ካልሆነ ጠላት የምንሄድበትን በምን ያውቃል? ዲስኩ ተቧጭሮ መጨረሻውን ሳናይ ቆመ፤ ባለቤቱ ሊጥለው ሲል እኔ ወሰድኩት። ጓደኛዬ አስተማሪ ሆኖ ኑኑ ቁምባ ወረዳ ገባ፣ እኔ ጫማ ቤት ከፈትኩ። በዓል በመጣ ቁጥር ስንደዋወል፣ "አካም" ከተባባልን በኋላ ወሬያችን ሽማግሌው ነው። ባለቤቴ ያልጠየቅነው የታመመ ዘመድ ይመስላት ነበር።

አምና ጌሙ እንደ አዲስ ተሠርቶ በእንግሊዝኛ እንደሚያወራ ሰማሁ። ማሽኑን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ጓደኛዬ ነገሩ እንዲፈረድ ሁለት መኪና ቀይሮ መጣ። ዲስኩን ከተትን። አልከፈትም አለ፤ መጀመሪያ የቀረውን ከኢንተርኔት አውርዱ ይላል። በእኛ ኔትወርክ ሁለት ቀን ፈጀ። እኔ ጫማ ሸጬ፣ ሶሉ ከነገ ወዲያ ይደርስሃል ብል ገበያተኛው ምን እንደሚያደርገኝ አውቃለሁ።

ሲከፈት ልጁ አምሯል፤ ፀጉሩ በነፋስ ይበተናል። ግን አንድ እርምጃ ሳትራመድ ቀስት ብቅ ብሎ በዚህ ሂድ ይልሃል። እኛ አንድ በር ፍለጋ ሳምንት የባዘንን ሰዎች፣ እንደ ተነዳ ከብት ቀስቱን ተከትለን ዋሻው ደጃፍ ደረስን።

ሽማግሌው የለም። ጥግ ላይ "ሱቅ" የሚል ቁልፍ አለ። ስትጫነው የባንክ ካርድህን ቁጥር ይጠይቃል፤ ሰይፉ በእውነተኛ ገንዘብ ነው። አባትም አይደለም፣ ሰላይም አይደለም። ነጋዴውን ነቅለው የገንዘብ መሳቢያውን አስቀሩት። ስንት ዓመት ሱቅ ስቀመጥ እንዲህ ያለ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘሁት። በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፣ "ተወው ኦቦሌሳ ኮ፣ ተወው ወንድሜ፣ አባቱ ነበር" አለኝ።

ከጌሙ ይልቅ ይሄ አበገነኝ። ሃያ ዓመት አንድ ጋት ያልለቀቀ ሰው አዝኖልኝ ለቀቀ።

"ሰላይ ነበር" አልኩት።

እንደፈለግክ ብሎ ሳቀ። መኪናው ወጣ። ለቀጣዩ በዓል ደወለ፤ ጤና ተጠያይቀን፣ ስለ ልጆች ትምህርት ትንሽ ተነጋግረን ዘጋን።

ማሽኑን በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። የተቧጨረው የድሮ ዲስክ ሱቄ ውስጥ አለ። የምንከራከርበት ነገር የለንም።