የካሚላ ወረቀት

መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ካሉት ሕንጻዎች በአንዱ፣ ደረጃው ሥር፣ የባህረዲን ኮምፒውተር መሸጫ በር ላይ ካሚላ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ ካርቶን ታነባለች። ሥራዋ ይኸው ነው። እንግሊዝኛ የሚያስቸግረው ገዢ ዕቃውን ይዞላት ይመጣል፤ እሷ ጽሑፉን በብጣሽ ወረቀት ላይ በአማርኛ ትመልስና ከሥሩ ስሟን ጽፋ ዕቃው ላይ በፕላስተር ትለጥፋለች። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ። ያቺን ብጣሽ ሳያይ ኪሱን የማይከፍት ሰው ስንት እንደሆነ ቢቆጠር ያስደንቃል።

ደብተርም አላት። ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ፣ ከቃሉ ሥር ዘመዶቹ። «ሪፈርቢሽድ» የሰፈረበት ገጽ ከመገለጥ ብዛት ጠርዙ ጠቁሯል። «ተመላሽ ሆኖ ወይም አገልግሎ፣ ተፈትሾ፣ ጸድቶ፣ ያረጀው ተለውጦለት እንደገና ለሽያጭ የቀረበ» ይላል። የቅርብ ዘመዶቹ ሪኒውድና ሪኮንዲሽንድ ናቸው። ሪፔርድ የሩቅ ነው፤ አንድ ብልሽት ስለተጠገነለት ብቻ ዕቃው ሪፈርቢሽድ አይባልም። ሪስቶርድን ለአሮጌ ቤትና ለሥዕል ትታዋለች። ግርጌው ላይ በቀይ እስክሪብቶ፦ «አዲስ ማለት አይደለም። መጥፎ ማለትም አይደለም።»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ በለጥሻቸው ዩኒቨርሲቲ ለምትገባው ልጃቸው ላፕቶፕ መረጡ። ገልበጥ አድርገው ሲያዩት ሆዱ ላይ ያ ቃል አለ። ባህረዲን ፋብሪካው መርምሮ ያሳለፈው አዲስ ዕቃ ማለት ነው አላቸው። እሳቸው ግን ላፕቶፑን እንደታቀፉ ወደ ካሚላ መጡ፤ ትጻፍላቸውና ይውሰዱት።

ባህረዲን ተከትሏቸው ወጣና ጆሮዋ ድረስ ጎንበስ አለ። መደርደሪያው ላይ ያው ዓይነት አርባ ነበር፤ ሁሉም አዲስ ተብሎ ሊሸጥ የተደረደረ።

«አንዱን ጻፍሽ ማለት አርባውን ጻፍሽ ማለት ነው» አላት በቀስታ። «የማን በር ላይ እንደተቀመጥሽ አትርሺ።»

የካሚላ እስክሪብቶ ወረቀቱን ሊነካ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ። መርካቶ ውስጥ አንድ ዱካ የሚያሳርፍ ቦታ በየት ይገኛል?

«ጋሼ፣ የሚለጠፈው ስም የኔ ነው» አለችና ደብተሯ ላይ ያለውን አንድም ሳታጎድል ጻፈች።

እትዬ በለጥሻቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው ባህረዲንን አዩት። «የታደሰ አልጠላም፣ ልጄ። በታደሰ ዋጋ ስጠኝ።»

ተከራክረው፣ አስቀንሰው፣ ወሰዱት። ባህረዲን የካሚላን ፕላስተርና መቀስ ከበሩ ደፍ አንስቶ መተላለፊያው መሃል አስቀመጠው። ገባት። ዱካዋን ብድግ አድርጋ ማዶ ካለው ደረጃ ሥር፣ ሸክም ተሸካሚዎች ትከሻዋን እየገፏት በሚያልፉበት ጥግ፣ ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። ዓይኗን ከዚያ በር መንቀል አቃታት። የሚቀጥለው ገዢ ሳይጠይቅ ቢወስድስ?

የቀትሩ የዙሁር አዛን ከመሰማቱ በፊት አንድ ጎልማሳ ከነዚያ ላፕቶፖች አንዱን አስወርዶ አገላበጠ። «የካሚላ ወረቀት የታለ?» አለ። ባህረዲን ባዶውን በር አየ፣ መደርደሪያውን አየ። ሰውየው ላፕቶፑን መልሶ አስቀመጠው።

ባህረዲን ላፕቶፑን ብብቱ ሥር አድርጎ በሸክሙ መሃል እየተሹለከለከ ተሻገረና ጉልበቷ ላይ አኖረላት።

«ያንኑ ጻፊው።»

«ሌሎቹንስ፣ ጋሼ?»

ባህረዲን ሁለተኛውን ሊያመጣ ዞሮ ሄደ።